«ተኝቷል» ስንል

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ አምቡላንስ ላይ ሲሠራ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ባለፈው ገና አገር ቤት መጥቶ እኛ ዘንድ ያመሸ ቀን ስለ ሥራው አንሥቼ አላስቀምጠው አልኩ። ማውራት የሚወድ ሰው አይደለም። ሲቸግረው ከረከቦቱ ላይ ሁለት ሲኒ አንሥቶ ፊቴ ደረደረ። «ይሄን ቢጫ በለው፣ ይሄን ቀይ። ቢጫው ያስተኛል፣ ቀዩ ያሽመደምዳል።» ጥቂት አሰበና ጨመረ፦ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ቢጫው ለሕመምተኛው ነው። ቀዩ ለእኔ ነው።»

ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ነበርና ሲኒዎቹ ተነሡ፣ ወሬውም አብሮ ተነሣ። እኔ ግን ያቺን አባባል ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር ስከራከር ከርሜአለሁ።

ነገሩን ላላየ ላስረዳ። መተንፈስ ያቃተው፣ ወይም ጭንቅላቱ ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው ብዙ ጊዜ ቱቦ ያስፈልገዋል፤ በአፉ ገብቶ፣ በድምፅ አውታሮቹ መካከል አልፎ፣ አየር ቧንቧው ውስጥ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ቱቦ። ሕያው ጉሮሮ ይህን አይቀበልም። መንጋጋ ይገጥማል፣ ጉሮሮ ያንቃል፣ ሆድ ይገለበጣል። ስለዚህ ሁለት መርፌ በተከታታይ ይሰጣል። የመጀመሪያው ማስተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኬታሚን ወይም ኢቶሚዴት፣ አንዳንዴ ሚዳዞላም። ሁለተኛው ጡንቻን ሽባ የሚያደርግ ነው፤ ሰክሲኒልኮሊን ወይም ሮኩሮኒየም። ቀለሞቹ የዘመዴ ፈሊጥ አይደሉም። ሲሪንጅ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት እንደ ኬታሚንና ኢቶሚዴት ላለ ማስተኛ ቢጫ፣ ለማሽመድመጃ ቀይ እንዲሆን በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ነው፤ በጨለማና በጥድፊያ እጅ እንዳይሳሳት።

ሰክሲኒልኮሊን ሲገባ ለጥቂት ሰከንድ የሚታይ ነገር አለ። ከፊት ጀምሮ ቆዳው ሥር ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ነፋስ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ እንደሚታየው ያለ። ከዚያ ጸጥ ይላል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያ ሰው ጣቱን ማንቀሳቀስ፣ ዐይኑን መግለጥ፣ ደረቱን ማንሣት አይችልም። እያቃሰተም ቢሆን ይተነፍስ የነበረው አሁን ጭራሽ አይተነፍስም። ትንፋሹን የቀማው ደግሞ ትንፋሽ ሊሰጠው የመጣው ሰው ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ይህ የሚሆነው በደማቅ መብራት፣ በባዶ ሆድ፣ በተፈረመ ወረቀት ነው። አምቡላንስ በተጠራበት ቤት ግን በመታጠቢያ ገንዳና በግድግዳ መካከል፣ ግንባር ላይ በታሰረ ባትሪ፣ ምሳውን አሁን በልቶ በጨረሰ ሰው ላይ ነው።

ወደ ሲኒዎቹ ልመለስ። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው፦ ቀዩ ብቻውን ቢሰጥም ቱቦው ይገባል። መንጋጋው ይፈታል፣ ጉሮሮው አይታገልም፣ ደረት ይነሣል፣ ስክሪኑ ላይ የኦክስጅኑ ቁጥር ይወጣል። ለሚያይ ሰው የጎደለ ነገር የለም። የሰመመን ባለሙያዎች እዚህ ላይ ሊቆጡኝ ይችላሉ። ማስተኛው ለቱቦው መግባት ያመቻቻል፣ የደም ግፊት እንዳይዘልም ይገታል ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ዋናው ሥራው ግን በማንም ዐይን አይታይም። መጉደሉን ሊያውቅ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አፉ ተይዟል። በትክክል ከተሰጠ የሚያመሰግን የለም፣ ካልተሰጠ የሚከስ የለም።

ይህን ነገር ሕክምና ራሱ ተሳስቶበት ያውቃል። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ መዛግብቱ በዚያ ናቸውና።) የደቡብ አሜሪካ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ የሚነክሩበት ኩራሬ የሚባል መርዝ አለ። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንቁራሪት ላይ ሞክሮ፣ መርዙ ነርቭ ከጡንቻ የሚገናኝበትን በር እንደሚዘጋ፣ ስሜትን ግን እንደማይነካ አሳየ። ይህ ታውቆ አድሮ ሳለ፣ በ1942 ሃሮልድ ግሪፊዝና ኢኒድ ጆንሰን ሞንትሪያል ላይ ኩራሬን ከማደንዘዣ ጋር መስጠት ከጀመሩ በኋላ፣ መድኃኒቱ ራሱ ሳያደነዝዝ አይቀርም የሚሉ ሐኪሞች ተነሡ። የተወጋው አይንቀሳቀስም፣ አይጮህም፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል?

በ1947 ክርክሩን የቋጨው ስኮት ስሚዝ የተባለ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የሰመመን ሐኪም ነው። እንስሳም ታማሚም አልፈለገም፤ ራሱ ተጋደመ። ባልደረቦቹ የመተንፈሻ ጡንቻን ለማቆም ከሚበቃው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ኩራሬ ሰጡት፣ በእጃቸው እያስተነፈሱትም ጥያቄ ይጠይቁት ጀመር። የሚንቀሳቀስለት ነገር እስካለ ድረስ በምልክት መለሰ። ከዚያ ምልክቱም ቀረ። መድኃኒቱ ሲለቀው የተባለውንና የተደረገውን ሁሉ ነገራቸው። አእምሮው ለአፍታ አልደበዘዘም ነበር። ያን ክፍል በመስኮት ያየ አላፊ አግዳሚ ምን ይል ነበር? «ተኝቷል» ነበር የሚለው።

አማርኛችን እዚህ ላይ ወጥመድ አለበት። «ተኛ» የሚለው ግስ ጋደም ያለውንም፣ ያንቀላፋውንም፣ ሆስፒታል አልጋ የያዘውንም በአንድ ያቅፋል። «አባባ ተኝተዋል» የሚል ልጅ፣ ጣሪያ እያዩ ይሁን እያለሙ አያውቅም፤ እንግዳውን ለመመለስ ማወቁም አላስፈለገው። ለይተን መናገር ሲያምረን ዓረፍተ ነገሩን እንገለብጠዋለን፦ «እንቅልፍ ወሰደው» እንላለን። ያን ጊዜ ሠሪው ሰውየው መሆኑ ይቀርና እንቅልፉ ይሆናል፤ መጥቶ አንሥቶት ይሄዳል። ቀዩ መርፌ ሰውን ያጋድማል፤ የሚወስደው ቢጫው ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል ሲጠሩ የሚተርፈው ጊዜ ነው፣ የሚጠፋው ደግሞ ሰውየው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሳንዲዬጎው ነገር ነው። በዚያ የካሊፎርኒያ ከተማና በአካባቢዋ የአምቡላንስ ባለሙያዎች ጭንቅላታቸው ክፉኛ ለተጎዱ ሰዎች ሚዳዞላምና ሰክሲኒልኮሊን ሰጥተው በቦታው ላይ ቱቦ እንዲያስገቡ ተፈቀደ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የተጎዳ አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ ዳግመኛ ይጎዳልና። በ2003 ውጤቱ ሲወጣ ግን መድኃኒቱን ካገኙት 33 በመቶው ሞተው ተገኙ፤ ያላገኙት የቀድሞ አምሳያዎቻቸው 24 በመቶ። ለምን ተብሎ ተፈተሸ። ጣት ላይ የምትቆነጠጠው መሣሪያ የያዘችው መዝገብ ሲገለጥ፣ ከ54 ሰዎች በ31ዱ ቱቦው በሚገባበት ሰዓት ኦክስጅናቸው አሽቆልቁሏል። ከእነዚህ 31 ሰዎች በ84 በመቶው ላይ ባለሙያዎቹ ሥራውን እንዴት ነበር ሲባሉ «ቀላል ነበር» ብለዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ሰዎቹ አልዋሹም። እውነትም ቀላል ነበር። መንጋጋው ተፈትቷል፣ አውታሮቹ ይታያሉ፣ የሚታገል እጅ የለም፣ የሚተፋ አፍ የለም። ቀዩ ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ ግን አልጠፋም፤ ዐይናቸው ወዳልደረሰበት ቦታ ዞረ እንጂ። የሚታገል ገላ ምስክር ነው፤ ሲያጥረው ይፈራገጣል፣ ሲሰማው ያቃስታል። ምስክሩን ዝም አሰኙትና ዝምታውን የደኅንነት ቃል አድርገው መዘገቡት። ለባለሙያው የቀለለው ነገር ለታማሚው የቀለለ መሰላቸው። እኛም በየቤታችን የምናደርገው አይደለም? ማልቀስ ያቆመን ሕፃን ሁሉ ጠገበ እንላለን።

በ2010 ከሜልቦርን የወጣው ጥናት ሌላ መልክ አለው። የቪክቶሪያ ግዛት ባለሙያዎች 312 ተመሳሳይ ጉዳተኞችን በዕጣ ከፍለው፣ ለከፊሉ እዚያው በመድኃኒት ቱቦ አስገቡላቸው፣ ከፊሉን ሆስፒታል እስኪደርሱ አቆዩ። ከስድስት ወር በኋላ ደህና ሆነው የተገኙት በቦታው ቱቦ ከገባላቸው 51 በመቶ፣ ከሌሎቹ 39 በመቶ ነበሩ። ሆስፒታል ሳይደርሱ ልባቸው የቆመባቸው ግን በመጀመሪያዎቹ ወገን በዝተዋል። ሥራው ያው፣ መድኃኒቱም ብዙም የማይራራቅ። ልዩነቱ ከመርፌው በኋላ ዐይን የት ነበር የሚለው ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው እንጂ የጥናቱ ቃል አይደለም።

እንግዲህ ቢጫው ለሕመምተኛው ከሆነ ጠገብ አድርጎ መስጠት ነበር። አይቻልም። ደም ፈስሶት ግፊቱ የወረደ ሰው በሕይወት ያቆየው ጭንቀቱ ነው። ሕመሙና ፍርሃቱ አድሬናሊን እያፈሰሱ ደም ሥሮቹን ጨብጠው ይዘውለታል። እንቅልፍ ሲወስደው ያ ጭብጥ ይላላል፣ ልብም ባዶ ትመታለች። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሰጠው ትምህርት ጆሮ ላይ ይከብዳል፦ ማስተኛውን ወደ ግማሽ ቀንስ፣ ማሽመድመጃውን ጨምር። ዝውውሩ የደከመ ደም ቀዩን ቶሎ አያደርሰውም፣ ቢጫው ደግሞ ይገድለዋል። አብዝቶ የተጎዳው ጥቂት እንቅልፍና ብዙ ጸጥታ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ይህን ስሰማ ዘመዴን በስልክ ጠየቅኩት። «ነፍሱና እንቅልፉ ሲጣሉብህ የቱን ትይዛለህ?»

«ነፍሱን» አለኝ ሳያመነታ። «እንቅልፉን ግን ዱቤ ነው የወሰድኩበት። ግፊቱ ቀና ሲል እከፍለዋለሁ።»

ዱቤ የሚለው ቃል ደስ አለኝ። ባለ ሱቁ ደብተር ካልያዘ ግን ዱቤ ይረሳል።

ኬታሚን በአምቡላንስ ሰዎች ዘንድ የተወደደውም ከዚሁ ጣጣ የተነሣ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ለግፊት ይራራል። ኢቶሚዴትም ግፊት አይጥልም፤ ነገር ግን ገላ ለጭንቅ ጊዜ የሚያመነጨውን ኮርቲዞል ያፍናል ተብሎ ከ1983 ጀምሮ ጥርጣሬ አልተለየውም። በ2009 ፈረንሳዮች 655 ታማሚዎች ላይ ሁለቱን አወዳድረው ለቱቦው ሥራ አንዱ ከሌላው እንደማያንስ አዩ። 

ኬታሚን የተቀመመው በ1962 ነው፤ ሰው ላይ የተሞከረው በ1964፣ ሚሺጋን ውስጥ ጃክሰን በሚባለው እስር ቤት፣ በእስረኞች ላይ። እንቢ ሊል የማይችል ሰው ላይ ለሚሰጥ መድኃኒት የሚገርም የትውልድ ቦታ ነው። ሞካሪው ኤድዋርድ ዶሚኖ የሰዎቹን ሁኔታ በምን ቃል እንደሚጠራው ጨንቆት ለሚስቱ ቢነግራት፣ ከአካባቢያቸው «የተነጠሉ» ናቸው ብላ ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ ሳይንሱ እስከ ዛሬ በዚያ ቃል ይሠራል። የእኛም ሆስፒታሎች ኬታሚንን በደንብ ያውቁታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1985 ጀምሮ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቶታል። ቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ሰው ያንን እይታ አይረሳውም፦ ዐይን ተከፍቶ፣ ብሌኑ ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ እየሄደ፣ ሰውየው ግን የለም። የቀዩ ተቃራኒ ነው። አንዱ ጋ ዐይን ተከድኖ ሰው ውስጥ አለ፣ ሌላው ጋ ዐይን ተገልጦ ሰው የለም። መልክ አይቶ መፍረድ እዚህ ላይ አበቃ።

አሁን የዘመዴን አባባል ወደሚያፈርሰው ነገር ልምጣ። ኦክስጅን ያጠረው ሰው ብዙ ጊዜ ይደባደባል። የሚያድነውን ጭምብል ከፊቱ ነቅሎ ይጥላል፣ ይሰድባል፣ ሊሄድ ይነሣል። እንቢታው የእሱ ነው ወይስ የኦክስጅን እጦቱ? መጻሕፍቱ የእጦቱ ነው ይላሉ፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ስለዚህ አንዳንዶች ቀዩን ያቆዩና ቢጫውን ብቻ፣ ኬታሚንን፣ ቀስ አድርገው ይሰጣሉ። ሰውየው እየተነፈሰ ይረጋጋል፣ ጭምብሉን ይቀበላል፣ ሳንባው ይሞላል፤ ቱቦው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እዚህ ላይ ቢጫው በእርግጥ ለእሱ ነው።

ግን ያው ቢጫ በ2019 ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ በምትባል ከተማ ሌላ ሥራ ሠርቷል። ፖሊስ መንገድ ላይ ይዞ አንገቱን ካነቀው በኋላ መሬት ላይ የተጫነ የ23 ዓመት ወጣት፣ ቱቦ የሚያሻው ሰው ሳይሆን፣ የአምቡላንስ ባለሙያዎች ደርሰው 500 ሚሊግራም ኬታሚን ወጉት። መጠኑ ለክብደቱ የሚበዛ ነበር። ልቡ ቆመ፣ ከቀናት በኋላም አረፈ። በ2023 ሁለቱ ባለሙያዎች ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ያ መርፌ ለማን ነበር? ዝም ያለ ታማሚ ለሁሉም ይመቻል፤ ለያዘው፣ ለሚያጓጉዘው፣ ለሚጽፈው። ቢጫውም ለሰጪው የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ቀለም መድኃኒቱን ይለያል እንጂ ሐሳብን አይለይም። ለዘመዴ ይህን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኛ ጋ ስለዚህ ነገር ምሳ ላይ አይወራም» አለኝ።

የሚቀረኝ የሰዓት ነገር ነው። አንድ ጊዜ የተወጋ ኬታሚን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ያቆያል። ለቱቦ በሚሰጠው መጠን ሮኩሮኒየም ግን ከ45 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ሁለቱ መርፌዎች እኩል ይነሡ እንጂ እኩል አይወርዱም። ቱቦው ገብቷል፣ ሁሉም እፎይ ብሏል፣ ሾፌሩ ሳይረን እያሰማ ነው፣ አንዱ ከሆስፒታል ጋር በሬዲዮ ያወራል፣ አልጋው ላይ ያለው «ተኝቷል»። የስኮት ስሚዝ ክፍል በአራት ጎማ እየሄደ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ፈቅዶ መግባቱ ነው። በ2021 በወጣ ጥናት፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል መተንፈሻ ላይ ከነበሩ 383 ሰዎች 10ሩ ሽባ ሆነው ሳለ ነቅተው እንደነበር ተረጋግጧል፤ ከ10ሩ ሰባቱ ሮኩሮኒየም የተሰጣቸው ነበሩ።

የሚናገር ነገር ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ ግንባር ያልባል፣ ከዐይን ጥግ እንባ ይወርዳል። ቀዩ እነዚህ ላይ አይደርስም፤ ፈቃድ የማይጠይቁ ስለሆኑ ሊከለከሉም አይችሉም። ክፋቱ ደም የሚፈሰውም ሰው ልቡ ይፈጥናል፣ የሚጨነቀውም ያልበዋል። እንባውንም ቢሆን ዐይን እንዳይደርቅ የተደረገ ቅባት ነው ብሎ በፋሻ መጥረግ ይቻላል።

ስለዚህ ዘመዴ የዱቤ ደብተር አለው። ሱሪው ጭን ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ቢጫው የገባበትን ሰዓት ይጽፋል፣ በስልኩ ለ10 ደቂቃ አላርም ይሞላል። ቀዩ የገባበትን ሰዓት መሣሪያው ይመዘግብለታል፤ በእጁ የሚጽፈው ቢጫውን ብቻ ነው። ባልደረቦቹ ይቀልዱበታል። ለታማሚውም ከመውጋቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል፤ ይስማም አይስማም።

አንድ ቀን ሳንባቸው ውኃ የያዘባቸው የአገራችን እናት ጋ ተጠራ። ስምንተኛ ፎቅ ናቸው፣ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ከጭምብሉ ሥር ሆነው በአማርኛ የሚያናግራቸውን ሰው ያያሉ። «እማማ፣ አይዞዎት፣ አሁን አስተኛዎታለሁ» አላቸው።

በየትንፋሹ አንድ አንድ ቃል እያወጡ «እስከ… ስንት… ሰዓት?» አሉት።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። «ምን አልካቸው?» ብለው «አላስታውስም» አለኝ። «ፕላስተሩ ላይ ግን 14፡10 ብዬ ጻፍኩ። አላርሙ ሲጮህ ገና ሊፍቱ ውስጥ ነበርን፤ ሁለተኛውን ቢጫ እዚያው ሰጠኋቸው።»